ውዳሴ ማዕቀፍ

የዓለም መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ የሚያመጣውን መከራ ለመከላከል ለሠላሳ ዓመታት ያህል ተሰብስበው ምንም አላፈሩም የሚለው ወቀሳ፣ ወቃሾቹ ሰነድ የማንበብ ልማድ እንደሌላቸው ከማጋለጥ በቀር ሌላ ጥቅም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1994 የአደጋ ስጋት ቅነሳን የሚመለከተው የዮኮሃማ ስትራቴጂ ወጣ፤ በ2005 በኮቤ ከተማ የጸደቀው የሂዮጎ የተግባር ማዕቀፍ ተተካ፤ በ2015 ደግሞ የሰንዳይ ማዕቀፍ እስከ 2030 እንዲያገለግል ተወሰነ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሦስቱም በጃፓን ከተሞች መወለዳቸው፣ ምድር ስትንቀጠቀጥ የማይናወጥ አዳራሽ መሥራት የቻለች አገር ለጉባኤም የተመቸች መሆኗን ያመለክታል። በየዐሥር ዓመቱ ገደማ አንድ ማዕቀፍ ሳያስተጓጉሉ ማድረስ፣ የበልግ ዝናብ እንኳ ያልቻለው ታማኝነት ነው።

ማዕቀፍ በዘርፉ ሰዎች አነጋገር ምን መደረግ እንዳለበት በዝርዝር የሚያትት፣ ማን በማን ገንዘብ እስከ መቼ ያደርገዋል የሚለውን ግን ለመንግሥታት በጎ ፈቃድ የሚተው ሰነድ ነው። የሰንዳዩ ሰነድ ሰባት ግቦችና አራት ቅድሚያ የሚሰጣቸው የተግባር መስኮች ሲኖሩት ሕጋዊ ግዴታ ግን የለበትም፤ ግዴታ ቢኖርበት ኖሮ አዳራሹ ያን ያህል ባልሞላ፣ ጭብጨባውም ያን ያህል ባልደመቀ ነበር።

የአደጋ ስጋት ቅነሳ የሚባለው ሙያ ራሱ ቀላል ነው፤ ጎርፉ ከመድረሱ በፊት ቦዩን መጥረግ፣ ገደሉ ከመናዱ በፊት ቤቱን ከሥሩ ማንሳት፣ ዝናቡ ከመቅረቱ በፊት ለከብቱ መኖና ውሃ ማሰናዳት ነው። የአየር ንብረት ለውጥን መላመድ የሚባለው ደግሞ ሙቀቱና ዝናቡ እንደ ቀድሞው እንደማይሆን ተቀብሎ ዘርን፣ ግድብን፣ መንገድንና የእርሻ ወራትን ከአዲሱ ሁኔታ ጋር ማስማማት ሲሆን፣ ሁለቱም ለገንዘብ ሰጪዎች የማይመች አንድ የጋራ ጉድለት አለባቸው፤ ከተሳካላቸው የሚታይ ነገር አይኖርም። ያልደረሰ ጎርፍ ፎቶ አይነሳም፤ በረሃብ ያልሞተ ሕፃን ለምሽቱ ዜና አይበቃም፤ ባልፈረሰ መንደር ውስጥ የለጋሽ አገር ዓርማ ያረፈበት ድንኳን መትከል አይቻልም። ከ2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት ከዓለም አቀፍ የልማት እርዳታ ውስጥ ከአደጋ በፊት ለሚሠራ የስጋት ቅነሳ የተመደበው ድርሻ ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ የሆነው በዚህ ጥንቃቄ የተነሣ መሆን አለበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብለው የተረቱት አበው ዘመናዊ አሠራርን ስላላወቁ በውሻው ፈረዱበት እንጂ፣ ውሻው የጅቡን መምጣት የሚያረጋግጥ ሪፖርት፣ ሪፖርቱን የሚገመግም ኮሚቴ፣ የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ የሚያጸድቅ ቦርድ ሲጠብቅ መቆየቱን ቢረዱለት ኖሮ ተረቱ ምስጋና በሆነ ነበር።

የገንዘቡ ታሪክ ደግሞ የቀጠሮ ጥበብ ምን ያህል እንደ ረቀቀ ያሳያል። በ2009 በኮፐንሃገን የአየር ንብረት ጉባኤ ባለጸጎቹ አገሮች እስከ 2020 ድረስ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ቃል ገቡ። በዚያ ጉባኤ አፍሪካን ወክለው የተደራደሩት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በማግስቱ ዓመት ከኖርዌዩ ጠቅላይ ሚኒስትር የንስ ስቶልተንበርግ ጋር በጋራ የመሩት የተባበሩት መንግሥታት አማካሪ ቡድን፣ ገንዘቡን ማግኘት አስቸጋሪ ቢሆንም የሚቻል ነው ሲል ደመደመ፤ ከዚህ ድምዳሜ ውስጥ ባለጸጎቹ በቅድሚያ ሥራ ላይ ያዋሉት የፊተኛውን ግማሽ ነው። የባለጸጎቹ አገሮች ማኅበር የሆነው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ራሱ ባደረገው ቆጠራ መሠረት፣ ቃሉ የተሞላው ከቀነ ገደቡ ሁለት ዓመት ዘግይቶ በ2022 ነው።

ተሞላ ሲባል በምን እንደተሞላ መጠየቅ ጨዋነት ባይሆንም መልሱ ግን ትምህርት አዘል ነው። ከመንግሥታትና ከልማት ባንኮች ከወጣው ገንዘብ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ብድር ስለነበር፣ ቤቱን ጎርፍ የወሰደበት ድሃ የተረዳው የአዲሱን ቤት ዋጋ ብዙ ጊዜ ከነወለዱ እንዲመልስ ተደርጎ ነው። ሮይተርስ የዜና ወኪል በ2023 ባወጣው ምርመራ ደግሞ፣ ጣሊያን አንድ ነጋዴ በእስያ ከተሞች የቸኮላታና የአይስክሬም መደብሮች እንዲከፍት ያገዘችበትን፣ ቤልጂየም በአርጀንቲና ደን ውስጥ ስለሚካሄድ ፍቅር ለተሠራ ፊልም የሰጠችውን፣ ጃፓን በባንግላዴሽ ለድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫና በግብፅ ለአውሮፕላን ማረፊያ ማስፋፊያ ያበደረችውን፣ አሜሪካም በሄይቲ ለባሕር ዳርቻ ሆቴል ማስፋፊያ ያቀረበችውን ብድር፣ እነዚህን ሁሉ አገሮቹ ለአየር ንብረት ባወጡት ገንዘብ ሒሳብ ውስጥ ማስገባታቸውን ዘርዝሯል። በዚህ የሚሳለቁ ሰዎች ነገሩን በጥልቀት አላሰቡበትም። አይስክሬም ከሙቀት ጋር ያለው ዝምድና አይካድም፤ ፍቅርም ሰው መከራን የሚላመድበት ጥንታዊ መንገድ ነው፤ የድንጋይ ከሰል ጢስ ባይኖር ደግሞ የሚላመዱት ነገር ስለማይኖር የመላመድ ዘርፍ ራሱ ይዘጋ ነበር። ቁም ነገሩ ግን ከሣቁ ወዲያ ያለ ነው፤ አገሮቹ ይህን ያደረጉት የትኛውንም ደንብ ጥሰው አልነበረም፣ ምን ተቆጥሮ ምን እንደማይቆጠር የሚወስን የጋራ ደንብ አልነበረምና። ቃል ገቢው ራሱ ቆጣሪ፣ ራሱ መርማሪ፣ ራሱም አመስጋኝ የሆነበት ሒሳብ ጎድሎ ሊገኝ የሚችልበት ምክንያት የለም፤ እንዲያም ሆኖ ሁለት ዓመት መዘግየቱ የትሕትና ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል።

ለመላመድ ብቻ የሚውለው ገንዘብ በበኩሉ ለሒሳብ ሊቃውንት አዲስ ሕግ አስገኝቷል። በ2021 በግላስጎ ጉባኤ ባለጸጎቹ ይህን ገንዘብ በ2019 ከነበረበት እጥፍ አድርገው በ2025 ወደ 40 ቢሊዮን ዶላር ለማድረስ ተስማሙ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እንደመዘገበው ገንዘቡ በ2022 ወደ 28 ቢሊዮን ከደረሰ በኋላ በ2023 ወደ 26 ቢሊዮን ወረደ፤ ታዳጊዎቹ አገሮች በ2035 የሚያስፈልጋቸው ግን በዓመት ከ310 ቢሊዮን እስከ 365 ቢሊዮን ዶላር ነው። በ2025 በብራዚሏ ቤሌም የተካሄደው ጉባኤ ለዚህ ችግር ያገኘው መፍትሔ ገንዘቡ በ2035 ሦስት እጥፍ እንዲሆን መጥራት ነበር። እጥፍ መሆን ያቃተውን ቁጥር ሦስት እጥፍ እንዲሆን አዝዞ ቀኑን ዐሥር ዓመት ማራቅ፣ ለባለ ዕዳ ሁሉ የሚመከር ነገር ነው፤ ማንኛውም የመንደር ባለሱቅ በዱቤ የወሰደ ደንበኛው እንዲህ ሲል ቢሰማው ምን እንደሚመልስለት ግን አይታወቅም።

ለደረሰ ጥፋት ስለሚከፈለው ገንዘብ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የደሴቶቹ አገሮች በቫኑአቱ አማካይነት ጥያቄውን ያነሱት በ1991 ነበር፤ የኪሳራና ጉዳት ፈንድ እንዲቋቋም የተወሰነው በ2022 በሻርም ኤል ሼክ፣ ሥራ እንዲጀምር የተወሰነውም በ2023 በዱባይ ነው። በመካከሉ በ2015 የፓሪስ ስምምነት ሲጸድቅ፣ ስለ ኪሳራና ጉዳት የሚናገረው አንቀጽ የተጠያቂነትም ሆነ የካሣ መሠረት እንደማይሆን የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር በውሳኔው ውስጥ ገብቷል፤ ለሕግ ባለሙያ ይህ ከፈንዱ ይልቅ ብዙ የተለፋበት ሥራ እንደሆነ ይታያል። በዱባይ የዓለም ትልቁ ኢኮኖሚ ባለቤት አሜሪካ 17.5 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገብታ፣ በ2025 ከፈንዱ ቦርድ ወጥታለች።

ከሁሉ የላቀው ፈጠራ ግን መድን ነው። በ2012 በአፍሪካ ኅብረት ሥር የተቋቋመው አፍሪካን ሪስክ ካፓሲቲ ለመንግሥታት የሚሸጠው የድርቅ መድን፣ ገምጋሚ ወደ ማሳ ልኮ የጠፋውን ሰብል በማየት ፋንታ፣ ከሳተላይት የተገኘ የዝናብ መረጃ ለኮምፒውተር ቀመር ሰጥቶ ስንት ሰው እንደተጎዳ የሚያሰላ ነው። ማላዊ ለ2015/16 የምርት ዘመን ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዓረቦን ከፍላ መድን ገባች፤ ድርቁም መጣ፤ መንግሥት በሚያዝያ 2016 የአደጋ አዋጅ አወጀ፤ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እርዳታ ፈላጊ ሆኑ። ቀመሩ ግን የተጎዱት 20,000 ገደማ ናቸው፤ ክፍያ የሚያስከትል ድርቅ አልደረሰም ሲል አስታወቀ። ሲመረመር የተገኘው ምክንያት ከማንኛውም ሽሙጥ ይበልጣል፤ ቀመሩ የተሠራው ገበሬው ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚፈጅ በቆሎ ይዘራል በሚል ግምት ሲሆን፣ የማላዊ ገበሬ ግን ዝናቡ ማጠሩን አይቶ ቶሎ ወደሚደርሰው ዝርያ ከተሻገረ ቆይቷል። ባለሙያዎቹ በየዐውደ ጥናቱ እንዲያደርግ የሚመክሩትን ነገር በትክክል በመፈጸሙ ከመድኑ ስሌት ውጪ ሆነ ማለት ነው። ስሕተቱ ታርሞ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፈል የተወሰነው አዋጁ ከወጣ ከወራት በኋላ ነው፤ ረሃብ ግን በቀመር እርማት ላይ እስኪስማሙ ድረስ ለሌላ ጊዜ የሚተላለፍ አጀንዳ አይደለም።

ኢትዮጵያም ከዚህ ትምህርት ድርሻዋን አግኝታለች። ጽሕፈት ቤቱ በደቡብ ኮሪያዋ ሶንግዶ የሚገኘው አረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ፣ ድርቅ ለሚደጋገምባቸው ወረዳዎች በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ የውሃ መሳቢያዎችን ለመትከልና የተራቆተ መሬትን ለማከም የቀረበለትን የኢትዮጵያ ፕሮጀክት በ2017 መጀመሪያ ላይ ሳያጸድቅ ከመለሰ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በ45 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎታል። የክርክሩ መነሻ ሥራው የአየር ንብረት ለውጥን መላመድ ነው ወይስ ተራ ልማት የሚለው ነበር፤ ምክንያቱም በፈንዱ ደንብ አመልካቹ አገር ችግሩ ከአየር ንብረት ለውጥ የመጣ መሆኑን በመረጃ አስደግፎ ማሳየት አለበት። ጥያቄው በፍልስፍና በኩል ጥልቅ ነው። አንዲት እናት እንስራዋን አዝላ ግማሽ ቀን ስትጓዝ ከጥማቷ ውስጥ የትኛው እጅ የከባቢ አየር ሙቀት፣ የትኛውስ እጅ የቆየ ድህነት እንደሆነ ካልተለየ፣ የውሃ ጉድጓዱ በስሕተት የድህነቱን ጥም ጭምር ሊያረካ ይችላል። እንዲህ ያለውን ብክነት ለመከላከል አማካሪ መቅጠር፣ አማካሪውም የሠላሳ ዓመት የዝናብ መረጃ መጠየቅ፣ መረጃው የሚሰበሰብበት ጣቢያ በወረዳው ውስጥ ከሌለ ደግሞ ጣቢያ ለማቋቋም ሌላ የፕሮጀክት ሰነድ ማዘጋጀት ተገቢ ይሆናል።

የዘርፉ የሊቅነት ማዕረግ የሚታየው ግን በአመልካቾች ሥራ ላይ ነው። አመልካች ማለት አንድ ግብ ምን ያህል እንደተፈጸመ የሚያሳይ መለኪያ ነው። የፓሪስ ስምምነት በሰባተኛው አንቀጹ ዓለም አቀፍ የመላመድ ግብ እንዲኖር ደንግጎ ግቡ ምን እንደሆነ ሳይናገር ስለተወው፣ ስድስት ዓመት ቆይቶ በግላስጎ ግቡ ምን ሊሆን እንደሚችል የሚያጠና የሁለት ዓመት የሥራ መርሐ ግብር ተጀመረ፤ የሁለት ዓመቱ ሥራ በዱባይ ማዕቀፍ ወለደ፤ ማዕቀፉም ለራሱ መለኪያ የሚፈልግለት ሌላ የሁለት ዓመት የሥራ መርሐ ግብር ወለደ። የተሰየሙት ባለሙያዎች ከመላው ዓለም ከ9,000 በላይ አመልካቾችን ሰበሰቡ። ይህን ያህል መለኪያ ላልተሠራ ሥራ ማዘጋጀት በታሪክ ታይቶ አይታወቅም። ከዚያም ወንፊቱ ተጀመረ፤ 9,000ው 490 ሆነ፣ 490ው 100 ሆነ፣ ቤሌም ላይ ደግሞ ተደራዳሪዎች ሌሊት ሌሊት ተቀምጠው በ59 ተስማሙ፤ አንዳንዶቹንም ባለሙያዎቹ ከጻፉት ለወጧቸው። ውሳኔው አመልካቾቹ በፈቃደኝነት የሚሠራባቸው እንደሆኑ፣ አገርን ከአገር ለማወዳደር እንደማያገለግሉና አዲስ የገንዘብ ግዴታ እንደማያስከትሉ ይገልጻል። በዚህ መሠረት የሚለካው ካልፈለገ የማይለካ፣ ከተለካም ከማንም ጋር የማይነጻጸር፣ ከተነጻጸረም ማንም የማይጠየቅበት መለኪያ ተገኝቷል። የአፍሪካ አገሮች ቡድን ገንዘብ ያልተመደበለት መለኪያ ለድሃ አገር ተጨማሪ የሪፖርት ሸክም ብቻ ነው በማለት ውሳኔው በሁለት ዓመት እንዲራዘም ጠይቆ ነበር፤ የጠየቀው እውነት ስለነበር ሁሉም ወገን የሚደሰትበት መልስ ተሰጠው፣ አመልካቾቹም ጸደቁ፣ ሁለት ዓመቱም ተጨመረ።

በዚህ ሁሉ መካከል የቅድመ ማስጠንቀቂያ ጉዳይ ይነሣል፤ ይህም አደጋ ከመድረሱ በፊት መረጃን ሰብስቦ፣ ተንትኖና አሰራጭቶ ሰው እንዲሸሽ ወይም እንዲዘጋጅ ማድረግ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉቴሬዝ በ2022 እስከ 2027 መጨረሻ በምድር ላይ ያለ ሰው ሁሉ በቅድመ ማስጠንቀቂያ እንዲጠበቅ ጥሪ አቅርበው፣ ለዚህ 3.1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚበቃ ዕቅዱ አመለከተ። በመስከረም 2023 ከሊቢያዋ ደርና ከተማ በላይ ያሉ ሁለት ግድቦች በሌሊት ተደርምሰው በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ውሃ ወሰዳቸው፤ ግድቦቹ አስቸኳይ ጥገና እንደሚሹ አንድ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጽፎ ስለነበር ማስጠንቀቂያ አልነበረም ማለት አይቻልም። በሐምሌ 2024 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ናዳ ወርዶ፣ የተቀበሩትን በእጁና በአካፋው ለማውጣት የሮጠውን ጎረቤት ሁለተኛው ናዳ ሲደርብበት ከ250 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የመጀመሪያው ናዳ ቦታ ላይ የሚቆም፣ ገደሉ ገና አልረጋምና አትጠጉ የሚል የሠለጠነ አንድ ሰውና አንድ ድምፅ ማጉያ ከየትኛውም የአመልካቾች ዝርዝር ውስጥ ለመግባት ዋጋቸው በጣም ዝቅተኛ ነው።

ኢትዮጵያውያን ማስጠንቀቂያ ምን እንደሆነ ከማንም መማር አያስፈልጋቸውም። ከወሎው ረሃብ በኋላ በ1974 የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና መልሶ ማቋቋም ኮሚሽን በአፍሪካ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ የሆነ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘርግቶ ነበር፤ በሕዝቡ አንደበትና አቆጣጠር ሰባ ሰባት የሚባለው ድርቅ ሲመጣም በመጋቢት 1984 አምስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አደጋ ላይ መሆኑን ለለጋሾች አሳወቀ። ለጋሾቹ አኃዙ ተጋንኗል ብለው ተጠራጠሩ፤ በአዲስ አበባ ያለው መንግሥትም የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት ለማክበር መንገድ ሲያስጌጥ ስለነበር ጥርጣሬያቸውን ለማስወገድ አልቸኮለም። ማስጠንቀቂያው የተሰማው በጥቅምት ወር ቢቢሲ ከኮረም ያነሳውን ፊልም ካሳየ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ኮሚሽኑ ከአራት ጊዜ በላይ ስሙን ለውጧል፤ ለተጠሪነቱም የተለያዩ ቤቶች ተፈልገውለታል፤ ከኮሚሽን ወደ ኤጀንሲ፣ ከኤጀንሲ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ክፍል፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ኮሚሽን ሲሄድ፣ ድርቁ ግን በቦረናና በሶማሌ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ አምስት ወቅቶች ዝናቡ ሲቀር ያው ድርቅ በሚለው በቀድሞ ስሙ ነበር የመጣው። የውጭ አገር ጉባኤተኞችን መተቸት የሚቀናው አንባቢ በዚህ አንቀጽ ላይ ጥቂት ቢቆይ አይጎዳም።

ሰላሳ ሁለተኛው የአየር ንብረት ጉባኤ በ2027 በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወስኗል። ዓመቱ የአመልካቾቹን አጠቃቀም መመሪያ የሚያዘጋጀው፣ የቤሌም–አዲስ ራእይ ተብሎ የተሰየመው የሁለት ዓመት ሥራ የሚጠናቀቅበት፣ ሁሉም ሰው በቅድመ ማስጠንቀቂያ ይጠበቃል የተባለበት ቀነ ገደብም የሚያልቅበት ዓመት በመሆኑ፣ የመዲናይቱ ሆቴሎች ከወዲሁ መሰናዳታቸው አይቀርም። በዱባይ እንደሆነው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ባለ ባጅ ከመጣ፣ ከተማይቱ ለአንድ ሰሞን የውሃ፣ የመብራትና የመንገድ ነገሯ ይስተካከላል፤ ይህም ጉባኤው ለመላመድ ያበረከተው በዓይን የሚታይ፣ ያለ አመልካች የሚለካ ውጤት ሆኖ ይመዘገባል። መመሪያው በዚያ ጉባኤ እስኪጸድቅ ድረስ 59ኙን አመልካቾች መጠቀም ግዴታ አይደለም፤ ከጸደቀም በኋላ ግዴታ አይሆንም።